ጀርመን ላይ ከቤት ኅብረት ወደ ቤተክርስቲያን፦ ከየት እንጀምር ለምትሉ

ሰላም ቅዱሳን። ከካሰልም ከላይፕዚግም ከኑርንበርግም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ አይነት ነው፣ "እዚህ ከተማ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተክርስቲያን የለም፣ ጥቂት ቤተሰቦች ነን፣ እንዴት እንጀምር?" ለእያንዳንዱ በቮይስ ስመልስ ግማሹን ስለምረሳው አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። የወረቀቱ ጉዳይ ጀርመን ለምትኖሩ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሆላንድና ስዊድን ያላችሁ እሱን ዝለሉት፣ ሌላው ያገለግላችኋል።

ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ አጥቢያ ሲከፈት የሰፈሩ ሰው ቢቃወም እንኳን እግዚአብሔር መኖሩን አይጠራጠርም። እዚህ ግን ጎረቤታችሁ ቤተክርስቲያን የገባው ለአያቱ ቀብር ይሆናል፣ ምስራቅ ጀርመን ከሆናችሁ ደግሞ አያቱም አልገቡም። ከ2022 ጀምሮ የካቶሊክና የኤቫንጌሊሽ (የትልቁ ፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን) አባላት ተደምረው እንኳን ከሕዝቡ ግማሽ አይሞሉም። ስለዚህ አገር ቤት የለመድነው ቅደም ተከተል፣ ማለትም ኮንፈረንስ፣ ከዛ አዳራሽ፣ ከዛ ሰው፣ እዚህ ይገለበጣል። መጀመሪያ የሚታመን ትንሽ ስብስብ፣ ከዛ ጎረቤት፣ ከዛ ወረቀት፣ መድረክ መጨረሻ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፌራይን (በሕግ የተመዘገበ ማኅበር) ለማቋቋም ስማቸውን የሚሰጡ ቢያንስ 7 ሰዎች (በቶሎ ከተማ የማይቀይሩ ቢሆኑ ይመረጣል)
- የቢሮ ደብዳቤ አንብቦ የሚመልስ፣ ጀርመንኛው ጠንካራ የሆነ አንድ ሰው
- የሚያውቃችሁና የሚጠይቃችሁ ላኪ ቤተክርስቲያን ወይም ሽማግሌዎች፣ ሌላ ከተማ ቢሆኑም ችግር የለውም
- 2 ማይክ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ትንሽ ሚክሰር። ትልቅ ስፒከር አትግዙ፣ ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ
- ወፍራም ኦርድነር (የወረቀት ማቀፊያ)፣ ማንኛውም ወረቀት እዛ ይገባል
- ለመጀመሪያው ዓመት ኪራይና ኢንሹራንስ የሚሆን ቃል የተገባ ገንዘብ
- ረከቦት። አልቀለድኩም፣ 8ኛው ላይ ይመጣል

1. መጀመሪያ ዙሪያችሁን እዩ

በባቡር አንድ ሰዓት ውስጥ ያሉትን የሐበሻ ወንጌላውያን ኅብረቶች በሙሉ ሄዳችሁ ጎብኙ፣ መሪዎቻቸውንም በአካል አግኙና ሐሳባችሁን ንገሯቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሳትነግሯቸው ከጀመራችሁ የመጀመሪያዎቹ አባሎቻችሁ ከእነሱ የመጡ ቅር ያላቸው ሰዎች ነው የሚሆኑት፣ እነዛ ደግሞ ከእናንተም ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። ከአንድ ኅብረት ወጥቶ ሌላ ኅብረት መክፈት በቁጥር ያደገ ያስመስላል እንጂ አንድም አዲስ ሰው ወደ ጌታ አልመጣም።

ቋንቋውንም እዚሁ ላይ ወስኑ። ኤርትራ በ2002 ከአራት እምነቶች ውጪ ያሉትን ስለዘጋች ጀርመን የደረሱ ብዙ ትግርኛ ተናጋሪ አማኞች አሉ፣ ከተማችሁ ውስጥ ከእናንተ ሊበዙ ይችላሉ። አማርኛ ብቻ ነው? በትርጉም ነው? ሳይወሰን ከተጀመረ በኋላ መዝሙር በወጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው።

2. ቤት ውስጥ፣ በቋሚ ቀንና ሰዓት

ከ8 እስከ 12 ሰው፣ በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ያህል። ቃል፣ ጸሎት፣ ምግብ፣ በቃ። ማዕረግ አትስጡ፣ "ጸሐፊ"፣ "የኳየር ሰብሳቢ" ምናምን አሁን አያስፈልግም። ይሄ ጊዜ የሚጠቅመው ክረምት ላይ በረዶ እየዘነበ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ለማየት ነው፣ ኋላ ሽማግሌ የምትመርጡት ከዚህ ነው።

ጥንቃቄ፦ ከምሽቱ 22፡00 እስከ ጠዋት 6፡00 የጸጥታ ሰዓት ነው፣ እሁድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። አዳር ጸሎት አፓርታማ ውስጥ አይሞከርም። ጎረቤት ለቤት አስተዳዳሪው ይጽፋል፣ አስተዳዳሪው ለተከራዩ ወንድም ማስጠንቀቂያ ይልካል፣ ከተደጋገመ ቤቱን ያጣል። አዳር የምትፈልጉ ከሆነ ከከተማ ወጣ ያለ የወጣቶች ማረፊያ ለአንድ ዊከንድ ተከራዩ።

3. ጀርመን ጎረቤት ፈልጉ

ብዙዎች ይሄንን ደረጃ ዘለው በቀጥታ አዳራሽ ፍለጋ ይገባሉ። እዚህ አገር አባቶቹ የማያውቁት ነፃ ቤተክርስቲያን ሲያይ ሰው ቶሎ "ሴክተ" (አደገኛ ኑፋቄ) ነው የሚለው፣ ትልልቆቹ ቤተክርስቲያናት ስለ እንደዚህ አይነት ቡድኖች ሰው የሚያማክር ራሱን የቻለ ባለሙያ አላቸው። የሚያውቃችሁ ጀርመን ፓስተር ካለ ግን "አዎ አውቃቸዋለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው" ይላል፣ የሚያከራይም ቢሮም የሚሰማው እሱን ነው።

ከየት እንደመጣችሁ አስቡና ዘመዳችሁን ፈልጉ። የመካነ ኢየሱስ ልጆች ከሆናችሁ ቤተክርስቲያናችሁ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ናት፣ የጀርመን ሉተራን ፓስተሮች ስሟን ያውቃሉ፣ ሄርማንስቡርግ ያለው ሚሲዮን ወለጋ ውስጥ ለረጅም ዘመን የሠራ ነው። መሠረተ ክርስቶስ ከሆናችሁ ሜኖናይቶች አሉ፣ ሙሉ ወንጌል ከሆናችሁ የጴንጤቆስጤ ቤተክርስቲያኖች ኅብረት የሆነው ቤኤፍፔ ውስጥ ብዙ የውጭ ዜጎች ጉባኤ አለ፣ ቃለ ሕይወት ከሆናችሁ ባፕቲስቶቹ ወይም ኤፍኤጌ (የነፃ ወንጌላውያን ጉባኤዎች ኅብረት) ይቀርቧችኋል። ለመተዋወቅ ጥሩው ጊዜ ጃንዋሪ ላይ የወንጌላውያን አሊያንስ የጸሎት ሳምንት ሲያደርግ ነው፣ የተለያዩ ቤተክርስቲያኖች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ይጸልያሉ። ሄዳችሁ ቁጭ በሉ፣ ጸልዩ፣ ወንበር አንሡ፣ የመጀመሪያ ቀን ምንም አትጠይቁ።

4. አዳራሽ

ከዚህ በኋላ ገማይንደሃውሳቸውን (የቤተክርስቲያናቸውን መሰብሰቢያ ቤት) ጠይቁ። እነሱ የእሁድ አምልኳቸውን ጠዋት 10፡00 አካባቢ ስለሚጀምሩ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፦ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኛው ክፍል፣ ኩሽና ይጨመራል ወይ፣ ማን ያጸዳል፣ ዋጋው ስንት ነው። በቃል "ችግር የለም" ያላችሁ ፓስተር በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ ሊዛወር ይችላል፣ አዲሱ የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው።

ሃውስማይስተሩን (የሕንጻውን ተቆጣጣሪ) አክብሩት፣ ከፓስተሩ በላይ የሚወስነው እሱ ነው። ቆሻሻ ለይታችሁ ጣሉ፣ 17፡00 ላይ እንወጣለን ካላችሁ 17፡00 ላይ ውጡ፣ "አንድ መዝሙር ብቻ" አይሠራም። ቡና ስታፈሉ እጣኑን ውጪ አጭሱ፣ የጭስ መቆጣጠሪያው ከጮኸ እሳት አደጋ በሳይረን ይመጣል፣ ሂሳቡም ሊመጣላችሁ ይችላል። ትልቅ ስፒከር አትግዙ ያልኩትም ጎረቤት በድምፁ እንዳያማርር ነው፣ በአንድ ኪቦርድና በሁለት ማይክ ቅሬታ ያመጣ ኅብረት አላየሁም።

ቁልፍ ከተሰጣችሁ የምትገቡት ኢንሹራንስ የቁልፍ መጥፋትን የሚሸፍን መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ቁልፍ ሲጠፋ የሕንጻው መቆለፊያ በሙሉ ሊቀየር ይችላል፣ ያ ደግሞ ሺዎች ዩሮ ነው።

5. ፌራይን

ያለ ፌራይን ኪራዩም ኮንቶውም (የባንክ ሒሳቡም) በአንድ ወንድም ስም ይሆናል፣ እሱ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ቤተክርስቲያኗ አብራው ትሄዳለች፣ ወይም ደግሞ (ይሄ ይብሳል) ፊናንሳምት (የግብር ቢሮው) የሁላችሁን አስራት የእሱ ገቢ ነው ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ሀ) ሳትሱንግ (የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ) ጻፉ፣ በጀርመንኛ። ከዜሮ አትጀምሩ፣ ፋይናንስ ሕጉ ራሱ ለገማይንኑትሲግ (ለሕዝብ ጥቅም የሚሠራ) ማኅበር የግዴታ አንቀጾች ሞዴል አለው፣ እነሱን ቃል በቃል አስገቡ። ፌራይኑ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይተላለፋል የሚለው የግድ መኖር አለበት፣ ለአባላት ይከፋፈላል ከተባለ ወድቋል። ወደ ኢትዮጵያ ለአገልግሎት ገንዘብ ልንልክ እንችላለን የምትሉ ከሆነ እሱም እዚሁ ይጻፍ።

ለ) ረቂቁን ከመፈረማችሁ በፊት ለፊናንሳምት ላኩና እንዲያዩት ጠይቁ። ሰው ይሄንን አያደርግም፣ ከዛ ከተመዘገበ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመቀየር እንደገና ስብሰባ፣ እንደገና ኖታር (ሰነድ አረጋጋጭ)፣ እንደገና ክፍያ ነው።

ሐ) የመሥራቾች ስብሰባ አድርጉ፣ 7 ሰው ይፈርም፣ ፎርሽታንድ (የማኅበሩ አመራር ቦርድ) ይመረጥ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ፎርሽታንድ ለመሆን የጀርመን ፓስፖርት አይጠየቅም።

መ) ኖታር ዘንድ ፊርማ አረጋግጡና ወደ አምትስገሪሽት (ማኅበር የሚመዘግበው ፍርድ ቤት) ይላክ። ኖታሩና ምዝገባው ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ዩሮ ባለው ውስጥ ያልቃል።

ሠ) ከምዝገባው ጋር ወደ ባንክ፣ ኮንቶ በፌራይኑ ስም። ፊናንሳምት ደግሞ የገማይንኑትሲግ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል።

ጥንቃቄ፦ እንደተመዘገባችሁ መንግሥታዊ የሚመስሉ ደብዳቤዎች ይመጣሉ፣ "ለምዝገባ መዝገብ ይሄን ያህል ክፈሉ" የሚሉ፣ ንስር ምናምን ያለባቸው። ብዙዎቹ ማጭበርበሪያ ናቸው። ከአምትስገሪሽቱ የመጣ መሆኑን ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

6. ገንዘብ

መባ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይቁጠረው፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ባልና ሚስት አይሁኑ። ሰውን ወደ ዳወርአውፍትራግ (በየወሩ ከባንክ በራሱ የሚተላለፍ ክፍያ) አስለምዱ፣ ኪራይ የሚከፈለው ሰው ለእረፍት አዲስ አበባ ሲሄድም ነውና። ገማይንኑትሲግ ከሆናችሁ የሰጠ ሰው ከታክስ ማስቀነስ ይችላል፣ እስከ 300 ዩሮ ለሆነ ስጦታ የባንክ ማስረጃና የፌራይኑ አጭር መግለጫ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ሽፔንደንበሻይኒጉንግ (የስጦታ ማረጋገጫ ወረቀት) ትጽፋላችሁ። ያልተሰጠ ገንዘብ ተሰጠ ብሎ የጻፈ ከተጻፈው መጠን 30 በመቶውን ለጠፋው ታክስ ይጠየቅበታል፣ ስለዚህ "ወንድሜ ትንሽ ጨምርልኝ" የሚላችሁን በፍቅር እምቢ በሉት።

ለእንግዳ አገልጋይ በፖስታ የሚሰጠውም ያለ ደረሰኝ አይሁን። ለክብሩ አይደለም፣ ሂሳብ ሲመረመር ያ ገንዘብ የት ሄደ ሲባል መልስ እንዲኖራችሁ ነው።

7. ልጆቹን ቀድማችሁ አስቡ

የሐበሻ ኅብረት ጀርመን ላይ የሚከስመው በወላጆቹ አይደለም። 9 ዓመት የሞላው ልጅ አማርኛ ስብከት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ስልክ ይነካል፣ በ13 ዓመቱ እሁድ የእግር ኳስ ግጥሚያ አለብኝ ይላል፣ 14 ሲሞላው ደግሞ በጀርመን ሕግ ሃይማኖቱን ራሱ ይወስናል፣ ወላጅ ማስገደድ አይችልም። ስለዚህ የሰንበት ትምህርቱ በጀርመንኛ ይሁን፣ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ። አስተማሪዎቹ እዚህ ያደጉ ወጣቶች ይሁኑ፣ ወላጆች "አማርኛ ይጠፋል" ብለው ያጉረመርማሉ፣ ልክም ናቸው፣ ለአማርኛ ግን ቅዳሜ ለብቻው ፊደል ማስቆጠር ይቻላል። ወንጌሉን የሚሰሙት በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን፣ አለዚያ ሰኞ ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛቸው "በእውነት ታምናለህ እንዴ?" ሲላቸው የሚመልሱበት ቃል አይኖራቸውም።

ጥያቄ ፍቀዱ። ሥነ ሕይወት ክፍል የተማረውን ይዞ የመጣ ልጅ "እንዲህ አይባልም" ተብሎ ዝም ከተባለ መልሱን ሌላ ቦታ ያገኘዋል። የማትችሉትን ጥያቄ ከ3ኛው ደረጃ ያገኛችሁትን ጀርመን ፓስተር ጋብዛችሁ አወያዩአቸው።

ልጆች ላይ የሚሠራ ሁሉ፣ የመጋቢው ሚስትም ብትሆን፣ ከቡርገርአምት (የነዋሪዎች ጉዳይ ቢሮ) ሰፋ ያለውን ፉሩንግስሶይግኒስ (የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ) ያምጣ። ፌራይኑ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት መሆኑን ደብዳቤ ከጻፈ ክፍያ የለውም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ትልቅ ሰው። የልጆችን ፎቶ ወላጅ ሳይፈርም ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ አትልቀቁ።

8. ወደ ጎረቤት መውጣት

እዚህ ጋ ነው አገር ቤት የለመድነው አብዛኛው ነገር የማይሠራው። ድምፅ ማጉያ ይዞ አደባባይ መስበክ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ጠረጴዛ ዘርግቶ መቆምም ከከተማው ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ "ማስታወቂያ አትጣሉ" የሚል የተለጠፈበት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ፍላየር መክተት ጠላት ማፍራት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰውየው "ጌታ ያድንሃል" ሲባል ከምን እንደሚያድነው ስለማያውቅ ይስቃል ወይ ይሸሻል።

የሚሠራው ይሄ ነው። በሁለት ወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቡና ግብዣ አድርጉ። ግብዣው ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ምን እንደሚቀርብ፣ ነፃ መሆኑን፣ እና ክርስቲያኖች መሆናችሁን በግልጽ ጻፉ። የመጨረሻውን አትደብቁ፣ ጀርመን ለቡና ብለው ጠርተው ሰበኩኝ ካለ ሁለተኛ አይመጣም፣ ለሰፈሩም ይነግራል። መጀመሪያ ከተነገረው ግን ራሱ ነው የሚጠይቃችሁ፦ ለምን ከምግብ በፊት ትጸልያላችሁ፣ ለምን አትጠጡም፣ ይሄን ሁሉ ሰው ማን ነው የሚያበስልለት። መልሱ አጭርና የራሳችሁ ታሪክ ይሁን፣ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ከዛ አንተስ ብላችሁ ጠይቁትና ስሙት። ማዳመጥ ያልለመድነው ነገር ነው እና ተለማመዱት።

ቀጥሎ የሚመጡትን አምስት ስድስት ሰው ሰብስባችሁ አልፋ የሚባለውን የክርስትና መግቢያ ኮርስ በጀርመንኛ ማድረግ ይቻላል፣ ምግብ አለው፣ አጭር ትምህርት አለው፣ ከዛ ውይይት ነው፣ ብዙ ፍራይኪርሸዎች (ከሁለቱ ትልልቆቹ ውጪ ያሉ ነፃ ቤተክርስቲያኖች) ስለሚያደርጉት አብሯችሁ የሚመራ ልምድ ያለው ሰው ከእነሱ ተዋሱ። እሁድ አምልኮ ላይ ጀርመን ባል ወይም ሚስት ያላቸው ካሉ በጆሮ ማዳመጫ የሚተረጉም ሰው ይመደብ። ሰባኪው ጮክ ሲል ተርጓሚው ስለሚጠፋበት እረፍ እያለ ይስበክ፣ ይሄንን ለእንግዳ አገልጋዮች ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ይከፋቸዋል ግን ንገሯቸው።

ከጀርመኖች ብዙ አትጠብቁ። አንድ ሰው ለመጠመቅ ሁለት ሦስት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ሲጠመቅ ደግሞ የባፕቲስቶቹን ማጥመቂያ ገንዳ ጠይቁ፣ ሐይቅ ላይ ከሆነ ከተማውን አስፈቅዱ።

9. ሁለተኛ ቡድን

ከ30 አካባቢ ስታልፉ ሰው መደበቅ ይጀምራል፣ መጥቶ ሄዶ ማንም ሳያየው። አዳራሽ ከማስፋት በፊት በሰፈር በሰፈር የቤት ኅብረት ክፈቱ፣ መሪዎቹ 2ኛው ደረጃ ላይ ታማኝነታቸውን ያያችኋቸው ይሁኑ። ሽማግሌ የሚሾመው ከዚህ በኋላ ነው፣ ላኪ ቤተክርስቲያናችሁ መጥታ እጅ ትጫንባቸው።

ማስጠንቀቂያዎች

ቡርገርአምት ስትመዘገቡ ሃይማኖት በሚለው ላይ "ኤቫንጌሊሽ" ያላችሁ ብዙ ናችሁ፣ ጴንጤ ነኝ ለማለት። ቢሮው የሚረዳው ግን የትልቁ ፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን አባል ናችሁ ብሎ ነው፣ ከዛ ኪርሸንሽቶየር (የቤተክርስቲያን ግብር) ይቆረጣል፣ ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ ላይ ከገቢ ግብራችሁ 8 በመቶ፣ በሌላው 9 በመቶ። ደመወዝ ወረቀታችሁን እዩ። አዲስ ለሚመጡ ሰዎችም ቀድማችሁ ንገሩ፣ አለዚያ ለሁለት ቦታ እየከፈሉ አስራት የላቸውም ብላችሁ ትታዘቧቸዋላችሁ።

የስደተኞች መኖሪያ ውስጥ ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ ገብታችሁ አትስበኩ፣ መግባት ትከለከላላችሁ። ለጥገኝነት ጉዳይ የቤተክርስቲያን ደብዳቤ ሲጠየቅ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ከመቼ ጀምሮ ይመጣል፣ ተጠምቋል ወይ፣ ምን ያገለግላል። ትናንት የመጣን ሰው "ለዓመታት የምናውቀው" ብላችሁ ከጻፋችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ ይጋለጣል፣ ከዛ በኋላ የእውነተኞቹም ደብዳቤ አይታመንም።

የመዝሙር ግጥም ፕሮጀክተር ላይ ማውጣትና በቀጥታ ስርጭት ማስተላለፍ የተለያየ ፈቃድ ነው፣ ሲሲኤልአይ (የመዝሙር ፈቃድ የሚሰጥ ድርጅት) ለሁለቱም ለየብቻ ላይሰንስ አለው። ለአማርኛዎቹ ዘማሪውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይፈቅዳሉ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ፍላየር ላይ "8 ሰዓት" ተብሎ በእኛ አቆጣጠር መጻፍ። ጀርመኑ ጠዋት ይመጣል፣ በሩ ዝግ ነው።
- በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ኮንፈረንስ። ከሌሎች ከተሞች ሰው ይሞላል፣ ሰኞ ሁሉም ቤቱ ይሄዳል፣ እናንተ ጋ ዕዳው ይቀራል።
- ስም ላይ "ዓለም አቀፍ" ጨምሮ ሁሉን ነገር በአማርኛ ብቻ ማድረግ።
- አገልጋይ ከኢትዮጵያ ለመጋበዝ አንድ ወንድም አውስሌንደርቤሆርደ (የውጭ ዜጎች ቢሮ) ሄዶ የኃላፊነት ወረቀት በራሱ ስም መፈረም፣ ቤተክርስቲያኑም ምንም ሳይወስን። እንግዳው ቢታመም ወይ ባይመለስ ወጪውን የሚጠየቀው የፈረመው ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በፎርሽታንድ ይወሰን፣ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱ ይገዛ፣ ወጪ ቢመጣ ፌራይኑ እንደሚተካለት በቃለ ጉባኤ ይጻፍለት፣ ከዛ ይፈርም።